የቤታችን ፊት

ኖራ ውኃ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ አለ፤ አፍንጫን ቆንጠጥ አድርጎ ጉሮሮ ድረስ የሚወርድ፣ የጋለ ድንጋይ ላይ ዝናብ የጣለ የሚያስመስል ሽታ። ባለፈው ሰሞን ለጉዳይ ከሄድኩበት አንድ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ሠራተኞች የዛፎቹን ግንድ ኖራ ሲቀቡ ደረስኩና፣ ወረፋዬን ረስቼ አጠገባቸው ቆሜ ቀረሁ። አንደኛው ቀና ብሎ የምፈልገው ነገር እንዳለ ጠየቀኝ፤ ምንም እንደሌለ ነገርኩት። ልቤ ግን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ወደ ኩልፎ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር ካለው የልጅነት ቤታችን ደርሶ፣ እናቴ በርሜል ላይ ቆማ ግድግዳ ስትቀባ ያይ ነበር።

ያ ቤት ሁለት ክፍል ያለው፣ ቆርቆሮ የለበሰ የጭቃ ቤት ነበር። አባቴ አቶ ጴጥሮስ ወንጌላዊ ስለነበር ከሰው ጋር እንጂ ከቤት ጋር ብዙ ጉዳይ አልነበረውም፤ የአጥሩ በር ዘምሞ በትከሻ ካልተገፋ የማይከፈት ሆኖ ሳለ፣ ከመስኮቱ በላይ ያለው ግድግዳ ተሰንጥቆ ሳለ፣ ነገ እሠራዋለሁ እያለ የጠራውን ሰው ሊጠይቅ ይወጣ ነበር። እናቴም ብዙ አትጨቀጭቀውም ነበር። ከጨንቻ ደጋ የሚወርዱ ዘመዶቻችን፣ ከካምባ ገበያ የሚመለሱ ምዕመናን፣ የታመመ ያለበት፣ ተጣልቶ የሚያስታርቀው ያጣ፣ ሁሉም እኛ ቤት ጎራ ስለሚል ከመንገዱ እስከ ደጃችን ያለው መሬት በእግር ብዛት ተጠቅጥቆ እንደ ጠረጴዛ ለስልሶ ነበር። እኔ ብቸኛ ልጅ ብሆንም ብቸኝነት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ ልጅ ትዕግስት፣ በሁለቱ ግቢ መካከል ባለው የቅንጭብ አጥር ሥር ባበጀነው ሽንቁር እየሾለከች ጠዋት መጥታ ማታ ትሄድ ነበር፤ እናቷ ስትጠራት ብዙ ጊዜ የምትመልሰው የእኔ እናት ነበረች።

አባቴን የወሰዱት በየካቲት ነው፣ ሙቀቱ ከሐይቁ ተነሥቶ ከተማውን በሚያፍንበት ወር። ከዚያ ቀደም ብሎ ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ነበርና ሰዎች በየቤቱ ተሰብስበው እየጸለዩ ነው የሚል ወሬ ወጥቶ ነበር። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ እናቴ ገበያ ሄዳ ሳለ፣ ካኪ የለበሱ ሰዎች መጥተው ለጥቂት ጥያቄ እንደሚፈልጉት በትህትና ነገሩት። አባቴ ጫማውን ቀስ ብሎ አሥሮ፣ የዘመመውን በር በትከሻው ከፍቶ ወጣና፣ ከውጭ ሆኖ፣ «በሩን አትዝጊው፣ እናትሽ እጇ ሞልቶ ነው የምትመጣው» አለኝ። እናቴ መጥታ በሩ ወለል ብሎ፣ እኔ ደፉ ላይ ተቀምጬ አገኘችን።

ለተወሰነ ጊዜ እናቴ በሰሐን ምግብ ቋጥራ ወደ እስር ቤቱ ትመላለስ ነበር፤ ባዶው ሰሐን ሲመለስ አባቴ በልቷል ማለት ነው ብለን ደስ ይለን ነበር። አንድ ቀን ግን ሰሐኑ እንደ ሞላ ተመለሰ። ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል ተብላ ነበር፤ ወዴት እንደሆነ የሚነግራት አልተገኘም። እናቴ ያን ምግብ ለእኔ አሙቃ አቀረበችልኝና እሷ ሳትነካው ቀረች።

ከዚያ በኋላ እግር ከደጃችን ራቀ። ማንም ክፉ የተናገረን የለም፤ የሚመጣው ሰው ብቻ ነው የጠፋው። ምዕመናኑ እኛንም ራሳቸውንም ላለማስያዝ በሌላ መንገድ ይዞሩ ጀመር፣ ከደጋ የሚወርዱት ዘመዶችም ገበያ ውለው በቀጥታ ይመለሱ ነበር። የእትዬ አስካለ ባል ጋሽ ታምሩ መንገድ ሥራ የሚሠራ ጭምት ሰው ነበር፤ በዚያ ሰሞን የቀበሌው ኮሚቴ ውስጥ ገብቶ ስለነበር አንድ ማለዳ የእሾህ ጭራሮ ይዞ መጥቶ፣ ወደኛ ሳያይ፣ በቅንጭቡ ሥር ያለውን ሽንቁር ጠቀጠቀው። ከእሾሁ ባሻገር የትዕግስትን እግሮች አያቸው ነበር። እሷም ቆማ ታየኛለች መሰለኝ፤ ሁለታችንም ግን አንጠራራም ነበር።

በልግ ገባ። አርባ ምንጭ ላይ ዝናቡ ሲመጣ ከጋሞ ተራራዎች ላይ ተንደርድሮ፣ በነፋስ ተገፍቶ ነው፣ ቤታችን ደግሞ ፊቱን የሰጠው ለእሱ ነበር። ስንጥቁ ውኃ ጠጣ፣ ጭቃው አበጠ፣ አንድ ሌሊት ከመስኮቱ በላይ የነበረው ምርጊት ተገንድሶ ወርዶ ማገሩ እንደ ከሳ ሰው ጎድን አገጠጠ። ሲያባራ እናቴና እኔ ውስጥ ቁጭ ብለን ሳለን በመንገዱ የሚያልፉ ሁለት ሴቶች ቆም ሲሉ ሰማን። አንደኛዋ፣ ሰውየው ሞቷል መሰለኝ፣ ቤቱን አላየሽውም ወይ አለቻት፤ ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠችና አለፉ። እናቴ የምትፈትለውን ጥጥ ጉልበቷ ላይ አኖረች። ከዚያ ተነሥታ ወጣች፣ መንገዱ ላይ ቆማ የቤታችንን ፊት እንደ እንግዳ ስታየው በበሩ በኩል አየኋት። ስትመለስ፣ «ይሄ ቤት ባለቤት አለው። የሞተ ሰው ቤት አይመስልም» አለችኝ፤ እኔ የተናገርኩ ይመስል።

ዝናቡ እንደ ቆመ ምርጊት ጀመርን። ምርጊት የብዙ ሰው ሥራ ነው፤ በደህናው ጊዜ ቢሆን ወንዶቹ አፈሩን ቆፍረው፣ ሴቶቹ ውኃ አመላልሰው፣ ልጆች ጭቃውን እየረገጡ፣ ዘፈን ወይም መዝሙር እየተዜመ ከሰዓት በፊት የሚያልቅ ነበር። እናቴ ማንንም አልጠራችም፣ ማንም አልመጣም። እሷ ቆፈረች፣ እኔ ውኃ ቀዳሁ፣ ጭዱን ነስንሳ ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ጠቅልላልኝ፣ «እርገጪ» አለችኝ። ጭቃው ቀዝቃዛና ከባድ ነበር፣ እግሬን ስነቅል የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። እናቴ እየዛቀች በመዳፏ እየመታች ትለጥፍና፣ በእርጥብ እጇ እያሻሸች ታለሰልሰው ነበር። ጭቃው ከብዙ ቀን በኋላ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ፣ ሳትናደድ፣ እበት ያለበት ቀጭን ምርጊት ደግማ ደረበችበት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ኖራውን ከገበያ አመጣች። ነጫጭ ድንጋዮቹን አሮጌ በርሜል ውስጥ ጨምራ ውኃ ስታፈስባቸው እሳት ሳይነካቸው ይፈሉ ጀመርና እኔ ፈርቼ ሸሸሁ፤ ያ ሽታ ያን ቀን ነው ውስጤ የገባው። እንዳይረግፍ ብላ ጨው ጨመረችበት፣ የቃጫ እስር አዘጋጅታ፣ ሌላ በርሜል ገልብጣ ላዩ ላይ ወጥታ፣ ከጣሪያው ሥር ጀምራ ወደ ታች ትቀባ ነበር። ሲቀባ ግራጫ የሚመስለው ሲደርቅ እየነጣ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን የሚወጋ ሆነ። የታችኛውን፣ የዝናብ ጭቃ የሚረጨውን ክፍል፣ ከሴቻ ዳገት ባመጣችው ቀይ አፈር ቀባችው። እጇ በኖራው ተልጦ ነበርና ማታ ቅቤ ስቀባላት ዓይኗን ጨፍና፣ ነገ የሚቀረውን ቦታ ትነግረኝ ነበር። በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች እርምጃቸውን ቀነስ አድርገው ያዩት ነበር፤ አንዳንዱ ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፣ ገብቶ ያበርታችሁ የሚል ግን አልነበረም።

በኅዳር የእናቴ ታናሽ ወንድም አጎቴ ኦይሳ ከጨንቻ ወረደ። ሰው ሁሉ ሲሸሸን እሱ የሸሸ አይመስለኝም፣ ወሬው ዘግይቶ ደርሶት ይሆናል፤ ቀርከሃ በበቅሎ ጭኖ፣ ላቡን እየጠረገ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰላምታውን አብዝቶ ገባ። በደጋው ቤት ሳይቀር ከቀርከሃ ነው የሚሠራውና እጁ ሲሰነጥቅና ሲጎነጉን ማየት ለእኔ ትልቅ ጨዋታ ነበር። የፊት ለፊቱን አጥር እንደ ሰፌድ ጥለት እያወጣ ሠራው፣ የዘመመውን በር ነቅሎ ጥሎ ከሳንቃ አዲስ በር አቆመ፣ ለማጠፊያው የመኪና ጎማ ቁራጭ መታበት። ቀርከሃ ተርፎት ስለነበር ወደ እነ እትዬ አስካለ በኩል ያለውንም ልዝጋልሽ ወይ ብሎ እናቴን ጠየቃት።

«የጎኑን ተወው» አለችው።

«እሾህ ጠቅጥቀውበት የለም እንዴ? ያስጠላል እኮ።»

«እነሱ ዘጉ እንጂ እኔ አልዘጋሁም» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አጎቴም ከተረፈው ቀርከሃ ለእኔ ትንሽ በርጩማ ሠራልኝ። ሲሄድ በቅሎዋ ከመታጠፊያው እስክትሰወር ድረስ አየሁት፣ ከዚያ ወዲያ በግቢያችን የወንድ ድምፅ እንደገና ጠፋ።

በጋው ሲከር እናቴ የፈተለችውን ጥጥ አሸምና ነጠላውን ይዛ በእግሯ ጫሞ ሐይቅ ዳር ድረስ ወርዳ፣ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጋር በጀልባ ቀለም ለውጣ መጣች። ቀለሙ ድፍን ሰማያዊ ነበር። በሩንና የመስኮቱን መዝጊያ ቀባችበት፤ የተረፈውን ደግሞ የእርዳታ ዘይት መጥቶባቸው በነበሩ ቆርቆሮዎች ላይ ጨረሰችውና አበባ ተከለችባቸው። ከኩልፎ ድንጋይ እየለቀምን አምጥተን ከመንገዱ እስከ ደጁ ግራና ቀኝ ደረደርን። በመጨረሻ ከመስኮቱ ሥር የጭቃ መደብ ሠርታ አለሰለሰችውና፣ አባትሽ ሲመጣ እዚህ ተቀምጦ ነፋስ ይቀበላል አለችኝ። ቤታችን በዚያ መንገድ ላይ ካሉት ሁሉ ያማረ ሆነ፤ መንገደኛ አቅጣጫ ሲጠይቅ፣ ነጩን ቤት ሲያልፉ ይባል ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ መደቡ ላይ ተቀምጬ መንገዱን እጠብቅ ነበር፣ ከሩቅ የሚመጣ ወንድ ባየሁ ቁጥር አካሄዱን ከአባቴ አካሄድ ጋር እያስተያየሁ። ሊመሽ ሲል የልጆች ጫጫታ ከየግቢው ይሰማኛል። የኛ ደጅ ተጠርጎ፣ ውኃ ተርከፍክፎበት፣ ድንጋዩ ተሰልፎ፣ የሚረግጠው አጥቶ ያድር ነበር።

ሌላ በልግ መጥቶ አለፈ፣ አበቦቹ ከቆርቆሮዎቹ ወጥተው ዘረጉ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ውኃ እያጠጣሁ ሳለ ራሱን የተላጨ ከሲታ ሰው፣ ትንሽ ጥቅል በብብቱ ይዞ፣ በመንገዱ ቀስ እያለ መጣ። እያንዳንዱን ቤት ያይ ነበር። የኛን አየ፣ በሩን አየ፣ እኔንም አየኝና፣ ሰው ለማያውቀው ልጅ ሰላምታ እንደሚሰጠው ራሱን ዝቅ አደረገልኝ። እኔም ዝቅ አደረግሁና ውኃዬን ማጠጣት ቀጠልኩ። አለፈ። ትንሽ ሄዶ ቆመና ዞረ፣ እንደገና ወደ ፊት ሄደ፣ እንደገና ቆመ፤ ሰፈር የጠፋበት ሰው ይመስል ነበር።

እትዬ አስካለ ደጇ ላይ ሰሌን ዘርግታ በርበሬ ታሰጣ ነበር። ቀና ብላ ሰውየውን ብዙ አየችው። ከዚያ ተነሥታ መንገዱ መሐል ወጣችና፣ አባቴ ከተወሰደ ጀምሮ እኛን አስመልክቶ አንድ ቃል ያልወጣው አፏ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «አቶ ጴጥሮስ፣ ቤትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» አለ።

ሰውየው ቀስ ብሎ ዞረ። «የቱ ነው?» አላት።

እጇን ዘርግታ አሳየችው። የያዝኩት ጣሳ ከእጄ ወደቀ፤ እናቴ ድምፁን ሰምታ ነው መሰለኝ ጫማ ሳታደርግ ወጣች። አባቴ በድንጋዮቹ መካከል እስከ ሰማያዊው በር መጣና እዚያ ቆመ፤ ሳይገባ። እናቴ ክንዱን ይዛ ነው ያስገባችው። እትዬ አስካለ በርበሬዋ ላይ ጎንበስ አለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን እየጠረገች።

አባቴ መጣ፣ ግን ያ ሳቂታ ሰው አብሮት አልመጣም። ብዙ አይናገርም ነበር፣ ትንሽ ድምፅ ያስደነግጠው ነበር፣ ቀኝ ትከሻው ወደ ላይ አልነሣ ብሎት ነበር። እናቴን የጎዳት ግን ሌላ ነገር ነው። ለእሱ ብላ በሠራችው መደብ ላይ አንድ ቀን አልተቀመጠም፤ ጠዋት ሲነሣ በጓሮ በር ወጥቶ ከሽፈራው ዛፍ ሥር፣ ፊቱን ወደ ጓሮው አድርጎ ይውል ነበር። እሷም አትጠይቀውም፣ መደቡን በየጠዋቱ ጠርጋ ትተወው ነበር። አንድ ምሳ ላይ፣ ሦስታችን ከአንድ ሰሐን እየበላን፣ ምን እንደነካው ሳላውቅ አባቴ እጁን ሰብስቦ ተናገረ።

«እዚያ ሆኜ በየማለዳው እዚህ ቤት እገባ ነበር» አላት። «ዓይኔን ጨፍኜ ያንን በር በትከሻዬ እገፋዋለሁ። ከመስኮቱ በላይ ያለውን ስንጥቅ አያለሁ። ነገ እሠራዋለሁ እላለሁ። ያንን ቤት ይዤ ነው የቆየሁት። ስመጣ የለም።»

እናቴ ጉርሻዋን መልሳ ሰሐኑ ላይ አደረገች። ልታለቅስ ነው ብዬ ነበር፣ አላለቀሰችም። «እኔ ሌላ የማደርግልህ ነገር አልነበረኝም» አለችው። «ወዴት እንደወሰዱህ አላውቅም። ስንቅ ላቀብልህ አልቻልኩም። ያለኝ ግድግዳው ብቻ ነበር።»

አባቴ ከሰሐኑ ጠቅልሎ አጎረሳት። እኔ በመካከላቸው ተቀምጬ ነበር፤ ሁለቱም ስለ አንድ ቤት እያሰቡ ሁለት የተለያየ ቦታ ላይ ብቻቸውን እንደከረሙ የገባኝ ግን ካደግሁ በኋላ ነው።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ዝናቡ ግድግዳውን አዥጎርጉሮት ስለነበር እናቴ እንደ ዓምናው በርሜሉን አወጣች፣ ኖራውን በጠበጠች። አባቴ ከሽፈራው ሥር ያያት ነበር። ሳትጠራው ተነሥቶ ዞሮ መጣና ሁለተኛውን የቃጫ እስር አነሣ። እጁ ከደረቱ በላይ ስለማይወጣ የታችኛውን እሱ፣ የላይኛውን እሷ ይቀቡ ጀመር። እሱ ይወፍርበት ነበር፣ እሷ ታሳሳዋለች፤ ሁለቱ የተገናኙበት መስመር ሲደርቅ ከሩቅ ይታይ ነበር፣ ግን ማንኛቸውም ሊያስተካክሉት አልሞከሩም። ከሰዓት በኋላ እትዬ አስካለ በእንስራ ውኃ ይዛ በአጥሩ በር ገባች፣ አስቀመጠችው፣ ያበርታችሁ ብላ ወጣች። ጋሽ ታምሩ እሾሁን ያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ትዕግስትም መጣች፤ ግን ቁመቷ ጨምሮ በሽንቁሩ መሾለክ አቅቷት ነበርና በበሩ ዞራ ገብታ፣ መደቡ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ድሮ ምን እንጫወት እንደነበር ለእሷም ለእኔም ጠፋብን፤ እግራችንን እያወዛወዝን መንገዱን ስናይ ዋልን።

ያ ቤት ዛሬ የለም፤ መንገዱ ሲሰፋ ፈርሶ አባቴና እናቴም በሰላም ዘመን ተከታትለው አርፈዋል። እኔ እዚያው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ፣ በብሎኬት የታጠረ ግቢ ውስጥ እኖራለሁ። የግቢው ግንብ ከራሴ በላይ ነው፣ የብረቱ በር ከውስጥ ይቆለፋል፣ የቤቴ ፊት በውድ ድንጋይ የተለበጠ ቢሆንም ከመንገድ የሚያየው የለም። ማንም ማንንም የሚፈራበት ምክንያት የለም፤ ሰው ወደ ቤቱ በመኪና ገብቶ በሩን ይዘጋል እንጂ። በቀደም ከግንቡ ባሻገር ካለው ጎረቤቴ ደጅ የልቅሶ ድንኳን ተተክሎ አየሁና፣ እዚያ አንዲት አሮጊት ሴት ይኖሩ እንደነበር ያን ቀን አወቅሁ። ነጠላዬን ለብሼ ገባሁ። ወንበር ሰጡኝ፣ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረችው ሴት ለሟቿ ምናቸው እንደሆንኩ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፤ ጎረቤታቸው ነኝ አልኳት፣ እሷም ራሷን ነቅንቃ ትንሽ ጠጋ አለችልኝ።